የቡርንስቪሏ ገማች

«እኔ ቤት ሦስት ሰው ይበላል፤ የሚከፍለው ግን ሁለት ነው» ሲል ናጽነት በጆሮዋ ሰማችው። ባሏ ኦላና ጋራዥ ውስጥ ሆኖ፣ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎ፣ ከጓደኛው ከቦጋለ ጋር የቅዳሜ ማለዳ ወጉን ይዟል። ጋራዡን ከኩሽናው የሚለየው በር ቤቱ ከተሠራ ጀምሮ በደንብ ገጥሞ አያውቅም፤ በብርዱ ጊዜ ብርድ፣ በቀረው ጊዜ ወሬ ያስገባል። «አሜሪካም እንደኔ ቤት ሆናለች። የሚሠራው ይሠራል፣ የማይሠራው አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ታክስ ይጨመርበት የሚባለው ደግሞ ማን ነው? የሚሠራው!» ቦጋለ በስልኩ ውስጥ «ኤግዛክትሊ! ኤግዛክትሊ!» እያለ ያጅበዋል። ናጽነት ቀስ ብላ ወደ አባቷ ዞረች። አቶ ዑቕባይ ጠረጴዛው ጥግ ተቀምጠው ዳቦ ሻይ ውስጥ እየነከሩ ነበር። ቀኝ ጆሯቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ግራው ግን ደህና ነው። የትኛው ወደ ጋራዡ እንደዞረ አየች፤ ግራው ነበር። የነከሩት ዳቦ ተቆርሶ ሻዩ ውስጥ ወደቀ፤ በማንኪያ ሊያወጡት እንኳ አልሞከሩም።

በሩን በርግዳ ገብታ «ምን ነው ያልከው?» ልትለው ፈልጋ ነበር። ግን እዚያው አባቷ ፊት መጠየቅ ነገሩን ሁለተኛ ጊዜ ማሰማት ነው፤ ሥራም ረፍዶባታል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላል ሰው፤ አሁን ይህን ቃል ማን ሮጦ ይይዘዋል? ሠላሳ ዓመት ሙሉ መርካቶ ውስጥ ማጠፊያና ቁልፍ ሸጠው፣ ለሦስት መንግሥት ግብር የከፈሉ ሰው፣ በስተርጅና አሜሪካ፣ ቡርንስቪል መጥተው «በላተኛ» ተባሉ። ናጽነትን ያስፈራት ደግሞ ኩርፊያቸው አልነበረም። አቶ ዑቕባይ አያኮርፉም፣ አይሳደቡም፣ ቂም አይዙም፤ የሚይዙት ሻንጣ ነው። ዳላስ ወንድሟ ቤት ሳሉ የወንድሟ ሚስት «የመብራት ቢል የበዛው ሌሊት ሬዲዮ ስለሚከፈት ነው» አለች፤ በማግስቱ ሻንጣቸውን ይዘው አውቶቡስ ጣቢያ ተገኙ። ከእርሷ ቤት ከወጡ መድረሻቸው ሴንት ፖል ያለው የሽማግሌዎች ሕንጻ ነው፤ እዚያ የገባ ሰው በዓመት በዓል ካልሆነ አይጠየቅም።

«አቦይ፣ ምሳህ ፍሪጅ ውስጥ ነው። ማይክሮዌቭ ውስጥ ሁለት ደቂቃ ብቻ» አለቻቸው።

«እሺ ልጄ። መንገድ ላይ ተጠንቀቂ» አሉ፤ ቀና ብለው ግን አላዩአትም።

ከቤት ስትወጣ ሣሩ ላይ የተተከሉት ሁለት የምርጫ ሰሌዳዎች ጤዛ ለብሰው ጎን ለጎን ቆመው ነበር። አንዱ የኦላና ዕጩ ነው፣ ሌላው የእርሷ። ኦላና ቀድሞ በመስከረም ተከለ፤ እርሷም በሳምንቱ የራሷን አምጥታ ከእርሱ አንድ እርምጃ ርቃ ተከለች፤ ጎረቤታቸው አሮጊቷ ነጭ ውሻቸውን ይዘው ባለፉ ቁጥር ቆመው ይስቃሉ። የጠቡ ሁሉ ሥር አንድ ቁጥር ነበር። የእርሷ ዕጩ በዓመት ከሁለት መቶ ሃምሳ ሺህ ዶላር በላይ በሚያገኝ ሰው ላይ ግብር እጨምራለሁ ይላል። ኦላና አንድ የጭነት መኪና አለው፤ ያውም ከመኪናው የሚበዛው የባንኩ ነው። ይህን ቁጥር ግን ሲሰማ የራሱ ኪስ የተዳበሰ ያህል ያመዋል። «አንተ ጋ አይደርስም እኮ» ስትለው «ዛሬ ነው ያልደረሰው! ነገ አምስት ትራክ ሲኖረኝስ?» ይላታል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው። እውነቱን ለመናገር ናጽነት ሰማይ ላይ ያለችውን ላም አትጠላትም፤ ሰው ያለ ተስፋ በዚያ ብርድ ሰሜን ዱሉት ከተማ ድረስ ትራክ አይነዳም። ግብሩም ቢሆን የእርሱ ያማል። የእርሷ ከደመወዟ ላይ ሳታየው ይቆረጣል፤ እርሱ ግን በየሦስት ወሩ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ በገዛ እጁ ቼክ ጽፎ፣ ፖስታውን በምላሱ ልሶ ይልካል። ያናደዳት ተስፋው ሳይሆን ተስፋው ከጎኑ የተቀመጠውን ሰው ወደ መናቅ መዞሩ ነው።

የምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ሚኒያፖሊስ ውስጥ፣ ሲዋርድ አጠገብ ነው። ቀኑን ሙሉ እጇ የሌሎችን አባቶች ሲያጥብ፣ ሲያለብስ፣ ሲያጎርስ፣ ሐሳቧ የራሷ አባት ዘንድ ነበር። ያንን ዳቦ ሻይ ውስጥ የጣሉት ሰምተው ነው? ወይስ እጃቸው ደክሞ? ኮሪደሩ መጨረሻ ያሉት ጡረተኛ ኢንጂነር ቴሌቪዥኑን እያዩ «በዚህ አገር የሚከፍለው እኔ ብቻ ነኝ» ብለው ጮኹ፤ ካልሲያቸውን እያጠለቀችላቸው ስለነበር «የስ ሰር» አለቻቸው። ሁሉም ሰው እኔ ብቻ ነኝ የምከፍለው ይላል። ታዲያ የማይከፍለው የት ሄዶ ነው የሚኖረው? በዕረፍቷ ምግብ ክፍሉ ውስጥ የሥራ ባልደረቦቿ የሚያወሩት ስለ ዲዝልና ስለ ቤት ማሞቂያ ዋጋ፣ ባንክ ስለወሰደው የእገሌ ቤት ነበር። በዚያ ሰሞን ባንክ ቤቱን የወሰደበት ሰው የሌለው ቤተ ዘመድ አልነበረም። ሳንድዊቿን ሳትፈታ ወጥታ ወደ ቤት ደወለች።

«ደህና ነን፣ ደህና ነን» አሉ አቶ ዑቕባይ፤ ድምፃቸው ከጧቱ ይልቅ ነቃ ብሏል። «አንዲት ሰው መጥታ ነበር፤ በሚገባ ሸኝቻታለሁ። አይዞሽ፣ ኦላናንም ምንም አያገኘው።»

«ማን ናት? ምን ፈልጋ ነው?»

«በስልክ አይወራም። ስትመጪ» ብለው ዘጉት።

ከሰዓት በኋላ ቤት ስትደርስ መጀመሪያ ያየችው ሣሩን ነው። ሁለቱም ሰሌዳዎች የሉም፤ የተተከሉበት ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። በሩን ከፍታ ስትገባ ቤቱን አላወቀችውም። ኦላና ባለፈው ዓመት የገዛው ትልቁ ቴሌቪዥን የአልጋ አንሶላ ተከናንቧል። የቆዳው ሶፋ ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ ተነጥፎበት ሌላ ሶፋ መስሏል። የቡና ማፍያው፣ ጁስ መፍጫው፣ ግድግዳው ላይ ያለው ትልቅ ሰዓት ሳይቀር ተነሥተዋል። አቶ ዑቕባይ መሐል ቤት ውስጥ ክርኑ የተበሳ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ሥራውን በሚገባ እንደጨረሰ ሰው እጃቸውን አጣጥፈው ቆመዋል። ናጽነት በቀጥታ ወደ ክፍላቸው ሮጠች። ሻንጣው አልጋው ሥር አለ፤ ከጎኑ ጁስ መፍጫው ተኝቷል። ተነፈሰች። ከዚያ ፍሪጁን ስትከፍት የምሳው ሳህን በፕላስቲክ እንደተሸፈነ፣ አንድም ሳይነካ ተቀምጧል።

«ገማች መጣች» አሉ አባቷ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

መርካቶ ነጋዴ የነበረ ሰው ገማች ማን እንደሆነ ማስረዳት አያሻውም። ገማቾች ሱቅ ገብተው ለስላሳ እየጠጡ ይቀመጡና ስንት ሰው ገባ፣ ስንት ወጣ እያሉ በዓይናቸው ይቆጥራሉ፤ የቀን ገቢህን ገምተው የዓመት ግብርህን ይጥሉብሃል። ስለዚህ ገማች መጣ የተባለ ቀን መደርደሪያው ይራቆታል፣ ዕቃው ጎረቤት ይደበቃል፣ ባለሱቁ አሮጌ ኮቱን ያወርዳል፣ ሳቅም ይቀነሳል። አቶ ዑቕባይ በመስኮት አንዲት ሴት በየበሩ እያንኳኳች ወረቀት ላይ ስትጽፍ አይተዋታል። እነርሱ በር እስክትደርስ ሦስት ቤት ቀርቷት ነበር፤ በሰባ አራት ዓመታቸው ሰሌዳዎቹን ነቅለው ያን ሁሉ ዕቃ የደበቁት በዚያች ጊዜ ውስጥ ነው። ናጽነት ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች፤ ሆዷን ይዛ፣ ዕንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«አቦይ፣ ገማች አይደለችም! የምርጫ ቅስቀሳ ነው። እዚህ አገር ቤት ለቤት ይዞራሉ።»

«ወረቀት ይዛለች። የኦላናን ስም ከነአባቱ ታውቃለች። ከሁለት መቶ ሃምሳ ሺህ ዶላር በላይ የሚያገኝ ሰው ግብር ቢጨመርበት ይስማማሉ ወይ? አለችኝ። ገማች ካልሆነች ይህን ምን አስጠየቃት?» አሉ ቆጣ ብለው። «እኔም ነገርኳት። ልጁ ሥራ የለውም አልኳት። ትራኩን ባንክ ወስዶታል፣ ቤቱም በዚህ ወር ይወሰዳል አልኳት። ከልቧ አዘነች። ባልሽን ከግብር የበለጠ የሚያናድደው ነገር የለም። እኔ ሌላ ምን ላግዘው እችላለሁ? ይህን ሥራ ግን አውቀዋለሁ።»

ናጽነት ሳቋ እዚያው ላይ ቆመ። «አዘነች? በምን ቋንቋ ነው ያወራችሁት?»

«በአማርኛ ነዋ። መጀመሪያ በኦሮምኛ ሰላም አለችኝ፤ አልችልም ስላት አማርኛ ተናገረች። ጨዋ ልጅ ናት። ቢሊሴ እባላለሁ አለችኝ።»

ቢሊሴን የማያውቅ የለም። ሰው ሲታመም ቀድማ የምትደርስ፣ ሰው ሲሞት ድንኳን የምታስተክል፣ ደግ ሴት ናት፤ ደግነቷ ግን አፏን ይዞ አያውቅም። በዚያ ላይ ዛሬ ሲዋርድ ለቅሶ አለ፤ የአገሩ ሰው ሁሉ አንድ ቤት ነው የዋለው። ናጽነት ደጋግማ ደወለችላት፤ አታነሣም። መልእክት ልትተው ብላ «ቢሊሴ፣ አባቴ የነገሩሽ ነገር...» ካለች በኋላ ምን ብላ እንደምትጨርሰው ጠፋት። ዋሽተውሽ ነው ልትል ነው? አባቷን በማሽን ላይ ዋሾ ብላ ትቅዳ? ዘጋችው። አንሶላውን ከቴሌቪዥኑ ላይ መግፈፍ ስትጀምር የኦላና መኪና ጋራዥ ሲገባ ተሰማ።

ኦላና ገና ሳይገባ «የምርጫ ሳይኔን ማነው ከሣሩ ላይ የነቀለው?» እያለ ነው የመጣው። ናጽነት ወደ ጎን ወስዳ፣ ድምፅዋን አፍና ነገረችው። ስለ ጧቱ ቃል አስቀድማ ልታነሣ ፈልጋ ነበር፤ «ሰምተውሃል፣ ገብተህ አንድ ደግ ቃል ተናገራቸው» ልትለው ነበር። ግን የዕቃውና የቢሊሴ ነገር ቀደመና እርሱ ወዲያው ነደደ። «ሥራ የለውም አሉ? እኔ? በሳምንት ስድስት ቀን የምነዳው?» አለ። ቀጥሎ ምን ሊል እንደሆነ አልታወቀም፤ የበሩ ደወል ጮኸ።

ሦስት ነበሩ። ቢሊሴ በፎይል የተሸፈነ ትልቅ ትሪ ይዛለች። ቦጋለ፣ ያው የጧቱ ቦጋለ፣ አንድ ካርቶን ብርቱካን ተሸክሟል። ከኋላቸው አቶ ኪዳኔ ናቸው፤ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የሚነዱ፣ ለቅሶም ሆነ ዕርቅ ሲኖር ማንም ሳይሾማቸው ፊት የሚቀመጡ ሰው። ጫማቸውን አውልቀው ገቡና ግማሹ አንሶላ በተገፈፈበት ቴሌቪዥን ትይዩ፣ ብርድ ልብሱ በተነጠፈበት ሶፋ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ብርድ ልብሱን ስታይ ቢሊሴ አንገቷን ሰበረች። ኦላና መሐል ቤት ቆሞ አንዱን አይቶ ወደ ሌላው ይዞራል።

«ወንድሜ» አሉ በመጨረሻ አቶ ኪዳኔ፣ «ይህ በማንም ላይ ይደርሳል። ዲዝሉ እንዲህ ሆኖ ስንቱ ነው ትራኩን የመለሰው! ቅር ያለን ዝም ማለትህ ነው። ወገን እያለህ ቤት እስኪወሰድ ዝም ይባላል?» ከኮታቸው ኪስ ወፈር ያለ ፖስታ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ለቅሶው ቤት የነበርነው ነን ያዋጣነው። ሁሉም እንደ አቅሙ ነው። ያለው ጨመር አድርጓል፣ የሌለውም ከአንጀቱ ነው።»

«ቦጋለ ብቻ ነው እኩል እኩል እናዋጣ ብሎ ያስቸገረን» አለች ቢሊሴ።

«ፌር ይሁን ብዬ ነው እንጂ!» አለ ቦጋለ። «ሁለት ቤት አለህ ተብዬ የሌላውን አራት እጥፍ ክፈል...» ኦላናን አየውና የብርቱካኑን ካርቶን ወደ ጠረጴዛው ሥር ገፋ አደረገ።

ኦላና ፖስታውን እንደ እባብ ነው ያየው። ስድስት ወር ሙሉ ሲሟገትለት የኖረው ነገር ተገልብጦ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦለታል፤ ያለው ለሌለው ጨምሮ ከፍሎ፣ የሌለው ደግሞ እርሱ ሆኖ። «ውሰዱት» አለ። «ተሳስታችኋል። ትራኬ ጋራዥ በር ላይ ባይቆም ትራኮች በሚያድሩበት ያርድ ውስጥ አለ። ማንም አልወሰደውም!» አቶ ኪዳኔ በሐዘኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የተቸገረ ሰው ሁሉ መጀመሪያ እንዲህ ነው የሚለው። «አይዞህ፣ ዕፍረት የለውም» አሉት። ዕፍረት የሚለውን ቃል ሲሰማ ኦላና ዓይኑ ቀላ። አቶ ዑቕባይ ከጥግ ሆነው በእጃቸው ዝም በል፣ ዝም በል ይሉታል፤ ሰው ገቢውን በገዛ አፉ ሲናገር በሕይወታቸው አይተው አያውቁም።

«ባለፈው ዓመት ወጪው ሁሉ ተቀንሶ ሃምሳ ስምንት ሺህ ዶላር ነው ያገባሁት!» ብሎ ጮኸ። «ሃምሳ ስምንት ሺህ! ይኸው! የእናንተን ብር የሚፈልግ ሰው እመስላለሁ?»

አቶ ኪዳኔ ሚስታቸው ነርስ ናት፤ የሁለቱ ገቢ ከዚያ እንደሚበልጥ ፊታቸው ላይ ቢታይም አልተናገሩም። ቢሊሴ የትሪውን ፎይል ጠርዝ አስተካከለች። ቦጋለ ብቻ ነው ሳያስብ ያመለጠው። «ሃምሳ ስምንት?» አለ። «እኔ እኮ ለሁለት መቶ ሃምሳው ትንሽ የቀረህ ነበር የሚመስለኝ። በዚያ ላይ እንደዚያ ስትናደድ...» ናጽነት ጧት በሩን በርግዳ ልትለው የነበረውን ሁሉ ቦጋለ በአንድ አረፍተ ነገር ጨረሰላት። ደስ ይለኛል ብላ ነበር፤ አላላትም። ባሏ እንዲህ ትንሽ ሆኖ መሐል ቤት ቆሞ አይታው አታውቅም።

እንግዶቹ ብዙ አልቆዩም። ፖስታውን ግን እምቢ አሉ፤ አቶ ኪዳኔ በር ላይ ጫማቸውን እያሰሩ «የተዋጣ ብር ወደ ኪስ አይመለስም። ያልቸገረህ ከሆነ ለቸገረው ስጥ» ብለው ሄዱ። ሦስቱ ብቻቸውን ቀሩ። ኦላና ሶፋው ላይ ወደቀ፤ ብርድ ልብሱን ከሥሩ ጎትቶ ወረወረው። ናጽነት አሁን ይጮኽባቸዋል ብላ በሁለቱ መሐል ቆመች። እርሱ ግን አልጮኸም፤ ድምፁ ደክሞት ነበር።

«አባባ፣ ምን ምን ነበር ያሏት? እስኪ ሁሉንም ይንገሩኝ። ነገ ስንቱን እንደማስተባብል ልወቅ።»

አቶ ዑቕባይ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ነበሩ። «ሥራ የለውም አልኳት» አሉ። «ትራኩን ባንክ ወስዶታል። ቤቱ ይወሰዳል። ልጄ ግማሽ ቀን ብቻ ነው የምትሠራው። መኪናዋ የሰው ነው። ይኸው ነው።»

«ሌላ የለም?»

«በቤቱ ውስጥ ስንት ሰው አለ? አለችኝ። ሁለት አልኳት።»

ኦላና ቀና አለ። «ሦስት ነን እኮ አባባ። ለምን ሁለት አሉ?»

«የሚከፍለውን ነው የቆጠርኩት» አሉ አቶ ዑቕባይ።

በቁጣ አልነበረም፣ በምሬትም አልነበረም፤ ዋጋ ለጠየቀ ደንበኛ እንደሚመልሱ ነው የመለሱት። ኦላና አፉን ከፈተ። ናጽነት ጠበቀች። አንድ ቃል፣ ምንም ዓይነት ቃል ይሁን፣ ይቅርታም ባይሆን አንድ ነገር እንዲል ቆማ በዓይኗ ለመነችው። አላለም። ተነሥቶ ወደ ኩሽና ሄደ። ፍሪጁን ከፍቶ የምሳውን ሳህን አወጣ፣ ማይክሮዌቭ ውስጥ ከተተ፣ ሁለት ደቂቃውን ቆሞ ጠበቀ። ለአማቱ በገዛ እጁ ምግብ አቅርቦላቸው አያውቅም። ሳህኑ ትኩስ ስለነበር በሹራቡ እጅጌ ይዞ አምጥቶ ፊታቸው አስቀመጠና «ይብሉ እንጂ አባባ» አለ።

«በልቻለሁ ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አሉ አቶ ዑቕባይ።

ከጧት ጀምሮ እህል እንዳልቀመሱ ናጽነት ታውቃለች፤ አሁን ኦላናም ያውቃል። አባቷ ወንበሩን በሥርዓት ወደ ጠረጴዛው መልሰው፣ ደህና እደሩ ብለው ወደ ክፍላቸው ገቡና በሩን ቀስ ብለው ዘጉት። ባልና ሚስቱ በሳህኑና በፖስታው መሐል ተቀመጡ፤ የምግቡ እንፋሎት እየቀጠነ ሄደ። የሻንጣው ዚፕ ሲከፈት ሁለቱም ሰሙት።